ሁለት መጨረሻ ያለው ፊልም

ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ዕለት፣ ወንድሜ ጌዲዮን የመጨረሻ ሥራውን መሃሉ ላይ ትቶታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ስለ አንዲት መርከበኛ ሴት ነው። ማዕበል ሊነሳ ሲል መርከቧ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ የጌዲዮን ድምፅ በአማርኛ «እሷም ወደ ባሕሩ ዞር አለችና» ይላል። ከዚያ በኋላ ውሃው ይናወጣል፣ የሴትዮዋ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የእሱ ድምፅ ግን የለም። ሴትዮዋ ያለችበትን የኮምፒውተር ጌም የሠሩት ሰዎች የጻፉላት ንግግር እንዳለ አውቃለሁ። ጌዲዮን በአፏ ሊያኖርላት ያሰበው ግን እሱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ለቅሶው ላይ ስለ እሱ ብዙ ተባለ፤ ከተባለው ውስጥ ልክ ያልሆነው እንዲታረም እፈልጋለሁ። ፊልም ሠሪ ነበር ያሉ አሉ። ጌዲዮን በሕይወቱ ካሜራ ይዞ አያውቅም። ተርጓሚ ነበር ያሉም ነበሩ። እንግሊዝኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል፤ ያልገባው ይበልጣል ብሎ የሚናገረው ራሱ ነበር። ሥራው ሌላ ነው፤ ስም ስላልነበረው ነው ሰው የተሳሳተው።

ታሪክ ያላቸው የኮምፒውተር ጌሞች አሉ። ተጫዋቹ ሲሮጥና ሲዋጋ ቆይቶ አንድ ቦታ ሲደርስ እጁን ያሳርፋል፤ ያኔ ሰዎቹ በራሳቸው መነጋገር ይጀምራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይፋቀራሉ። ይህቺ አጭር ፊልም ስታልቅ ሩጫው ይቀጥላል። ጌዲዮን ጌሙን ከዳር እስከ ዳር ይጫወትና እነዚያን አጫጭር ፊልሞች ብቻ ቆርጦ ያወጣቸዋል። ከዚያ ያገጣጥማቸዋል፣ በላያቸው በአማርኛ ይተርካል፣ እንደ ማንኛውም ፊልም ፍላሽ ላይ ጭኖ ይሸጣል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እኛ ብሎክ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የሚተዳደረው በዚህ ነበር። ሌላ ገቢ አልነበረውም፤ ክፍሏም የእሱ አልነበረችም። የብሎኩ ኮሚቴ ነው በየዓመቱ እያደሰ የሚሰጠው።

ሐሳቡ የእሱ አይደለም። ይህንንም ብዙ ሰው አያውቅም። የእትዬ ወለተሃና ነው።

እትዬ ወለተሃና ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው ከክፍሏ በላይ ነው። ያኔ ጌዲዮን ፕሌይስቴሽን ያጫውት ነበርና ጫጫታው በወለሉ በኩል እየዘለቀ አላስተኛ ይላቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጣሉ ወረዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ንጉሥ የጣቱን ቀለበት አውልቆ ለልጁ እየሰጠ ነበር። እትዬ ወለተሃና የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ቆሙ። ንጉሡ ሲያለቅስ አብረው ከንፈራቸውን መጠጡ። ወዲያው ንግግሩ ተቋረጠና መፈላለጥ ተጀመረ።

«አሁን ደግሞ ምን ነካቸው? ደህና ሲነጋገሩ አልነበር?» አሉ።

ጌዲዮን አሁን ተራው የተጫዋቾቹ እንደሆነ አስረዳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ጠቡን አውጥተህ ወሬውን ብቻ አትሰጠኝም?» አሉት።

ሰጣቸው። በሳምንቱ ወሬውን ብቻ ለሁለት ጎረቤቶቻቸው ሰጠ፤ ከዚያ ሜክሲኮ አደባባይ ባንክ ውስጥ ለምትሠራው ለብሎካችን ልጅ ለማሂ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ኖሯቸው ሰዓት እስኪደርስ ለሚጠብቁ ሰዎች። ፕሌይስቴሽኑ ለሕዝብ ተዘጋ። ጫጫታውም ቆመ፤ እትዬ ወለተሃና ሊጣሉ የመጡበትን ነገር በሌላ መንገድ አገኙት ማለት ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሩጫውና ውጊያው ሲወጣ ቀዳዳ ይተዋል። ሰውየው እዚህ ጋ በእግሩ ነው፤ ቀጥሎ ስናየው ግራጫ ፈረስ ላይ ነው። ፈረሱን ያገኘው በውጊያው መሃል ነበር፤ ውጊያው ግን ተቆርጧል። ደንበኛ ይጠይቃል። ጌዲዮን ታዲያ በትረካው «ይህን ፈረስ አጎቱ ሰጡት» ይላል። ሦስተኛው ክፍል ላይ አጎትየው በእውነት ብቅ ይሉና «የወንድሜን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አይቼው አላውቅም» ብለው ያለቅሳሉ። ጌዲዮን አልደነገጠም፤ «እኚህ ደግሞ ሌላኛው አጎቱ ናቸው» ብሎ አለፈው። ከዚያ ወዲህ እኛ ብሎክ ውስጥ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነገር ሁሉ፣ አዲስ ሶፋም ይሁን አዲስ ጫማ፣ «ሌላኛው አጎቱ ሰጠው» ይባላል።

እትዬ ወለተሃና ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበራቸው። «እነዚህ ሰዎች እህል አይቀምሱም እንዴ?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ጌም ውስጥ የሚነጋገር ሰው አይበላም። ንጉሡ በሞቱ በማግስቱም ልጃቸው ለጦርነት ፈረስ ላይ ናት፤ ሠልስት የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። ጌዲዮን ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ፊልሞች ውስጥ ማንም ሰው ቁርሱን ሳይበላ መንገድ አይጀምርም። የሞተ ሰውም ካለ ትረካው «አርባቸውን ካወጡ በኋላ» ብሎ ነው የሚቀጥለው። ፊልሙ ላይ የሬሳው ደም ገና ሳይደርቅ ማለት ነው። ማንም አልተቃወመም።

አሁን ወደ ባሻ ፊልም እመጣለሁ፤ ክፍሏን ሊያሳጣው የነበረው እሱ ነው።

ባሻ ብረት ቀጥቃጭ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ለአፍ ስለሚከብድ ጌዲዮን ባሻ አለው። ሴት ልጁን ወንበዴዎች ይወስዱበታል፤ መንገዱን ያሳያቸው አብሮ አደጉ ጉልላት ነው። ባሻ አገር ለአገር ዞሮ በመጨረሻ ጉልላትን በረዶ የሸፈነው ድልድይ ላይ ያገኘዋል። ጉልላት ተንበርክኳል፣ ባሻ ሰይፉን አንስቷል። እዚህ ላይ ጌሙ ይቆምና ለተጫዋቹ ምርጫ ይሰጠዋል። ቢገድለው፣ ልጁን ብቻውን ሄዶ ያስፈታታል፤ ፍትሕ ተፈጸመ ይባላል። ቢምረው፣ ጉልላት አብሮት ይሄድና ልጅቷን ከወንዝ አውጥቶ እሱ ይሰጥማል። ጌዲዮን ሁለቱንም ተጫውቶ ሁለቱንም ቀዳ።

እንግዲህ ስህተቱ ይህ ነው፤ ለሰው እንደ ባሕሪው ሰጠ። ለእትዬ ወለተሃና ምሕረቱን ጫነላቸው፤ ስንት ልጅ ተቀብለው ሰው ሲታረድ ማየት ይከብዳቸዋል ብሎ። ለአቶ ሸዋንግዛው ደግሞ የሚገድለውን ጫነላቸው። አቶ ሸዋንግዛው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልደታ ፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ራፖር ጸሐፊ ነበሩ፤ ለባለጉዳይ አቤቱታና ክስ የሚጽፉ። ጌዲዮን እንዲህ ያለ ሰው ወንጀለኛ ሳይቀጣ ሲቀር አይወድም ብሎ ገመተ። ሁለቱ ፊልም አይተው እንደሚያወሩ አላሰበበትም። በኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው ይህን አለማሰብ ይከብዳል።

የግንቦት ልደታ ለታ የብሎኩ ሰው እንደልማዱ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ንፍሮው እየተንተከተከ ነው፤ የፋሲካው ዶሮ ገና ሳያልቅ ስለነበር ንፍሮውን የሚጠብቀው ሁሉ ጠግቦ ነው የሚጠብቀው። እትዬ ወለተሃና ለሴቶቹ ያንን ፊልም እያወሩላቸው ነበር። አንጀቴን የበላው የጉልላት ነገር ነው፣ ልጅቷን ከወንዝ አውጥቶ እሱ ቀረ፣ አሉ። አቶ ሸዋንግዛው ከአጠገባቸው ሰሙ።

«የትኛው ጉልላት?»

«ስንት ጉልላት አለ?»

«ድልድዩ ላይ አንገቱን የተቀላው ሰውዬ ነው ወንዝ የገባው?»

«ማን ቀላው? ባሻ ሰይፉን ጥሎ አቀፈው እንጂ።»

«እሜቴ፣ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እኔስ በጉልበቴ ነው ያየሁት?»

ሰዉ ሳቀ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ እትዬ ወለተሃና በዛሬዋ ልደታ ብለው ማሉ፤ ጉልላት አልተቀላም አሉ። አቶ ሸዋንግዛውም በዛሬዋ ልደታ ብለው ማሉ፤ ተቀልቷል አሉ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ በልደታ ሰፈር፣ በልደታ ቀን፣ በልደታ ስም ሁለት ተቃራኒ ነገር ማሉ። ከሁለቱ አንዱ በሐሰት ምሏል ማለት ነው፤ በፊልም ጀምሮ ነፍስ ላይ ደረሰ። ንፍሮ ያማስሉ የነበሩት ሴትዮ ማማሰሉን ተዉት።

ማሂ ናት መላ ያመጣችው። ሁለቱም ፍላሻቸውን ያምጡ፣ እዚሁ እንይ አለች። ቴሌቪዥን በመስኮት ወደ ግቢው ዞረ። የሁለቱም ታየ። አንደኛው ላይ ጉልላት ታቀፈ፣ ሁለተኛው ላይ ተቀላ። ሁለቱም እውነት ነበር የማሉት። መጀመሪያ እፎይታ ሆነ፣ እልልታም ተሰማ። ቀጥሎ ሁሉም ሰው ዞሮ ጌዲዮንን አየው።

አቶ ሸዋንግዛው ድምፃቸውን አላነሱም።

«ለእሳቸው ምሕረት፣ ለእኔ ደም ሸጥክልኝ?» አሉት።

ጌዲዮን እንደቀልድ ሊያልፈው ሞከረ፤ አልሆነም። ሰውየው ቆስለዋል። በማግስቱ የክፍሏ ጉዳይ በኮሚቴው አጀንዳ ላይ ተያዘ። የእድራችን ዳኛ አቶ ኢዶሳ ከዚህ በፊትም ክፍሏን ይፈልጓት ነበር፤ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሰው በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታው ነው። አሁን ሰብሳቢው ተቀይመዋል፣ የእድሩ ዳኛ ክፍሏን ይፈልጋሉ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ጌዲዮን አጭበረበረ የሚለውን እየሰማ ነው። ጌዲዮን በዚያ ሳምንት ቤታችን መጥቶ ራት በላና፣ «ፀዲ፣ ከዚች ክፍል ከወጣሁ ምንም አይደለሁም» አለኝ። እንደቀልደኛነቱ አንድ ነገር ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም።

ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጋራ አዳራሹ ነበር፤ እኔም ተገኝቻለሁ። አቶ ሸዋንግዛው ከሳሽ የሆነ ሰው ዳኛ አይሆንም ብለው ከሰብሳቢነቱ ተነሱ፤ ለዛሬ አቶ ኢዶሳ ተተኩ። ጌዲዮን ተራው ሲደርስ ተነሳ። ቴሌቪዥኑን ሰካ፣ ፕሌይስቴሽኑን ሰካ፣ ባሻን ድልድዩ ላይ አቆመውና ጆይስቲኩን ለአቶ ሸዋንግዛው በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ይሄ ፊልም ሳይሆን ጌም ነው አለ። መጨረሻውን የጻፈ ሰው የለም፤ የያዘው ሰው ነው የሚወስነው። በግራ በኩል ያለው በተን መግደል ነው፣ በቀኝ ያለው ምሕረት ማድረግ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ይወስኑ፣ አለ።

አቶ ሸዋንግዛው ጆይስቲኩን እንደ ሕፃን ያዙት። ባሻ በረዶው ውስጥ ሰይፉን አንስቶ ይተነፍሳል። ጉልላት ተንበርክኮ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይላል፣ ዝም ይላል፣ ያንኑ መልሶ ይላል።

«ምን እያለ ነው?»

«ማረኝ እያለ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄን ብቻ ነው የሚለው? ለምን እንዳደረገው አይናገርም?»

«አይናገርም።»

«እንግዲያው ሳይሰማ እንዴት ይፈረዳል? ይናገር።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ፤ አቶ ሸዋንግዛው ግን የምራቸውን ነበር። ጌዲዮን ጉሮሮውን ጠረገና በጉልላት ቦታ ሆኖ መናገር ጀመረ። የተማሪ ቤት ጓደኛው ባሻ ሁልጊዜ ከእሱ እንደሚበልጥ፣ ብረቱን እኩል ቢቀጠቅጡም ሰው የሚያመሰግነው ባሻን እንደሆነ፣ ወንበዴዎቹ ሲመጡ ልጅቷን ሳይሆን ላሞቹን ነው የምንወስደው እንዳሉት፣ እሱም እንዳመናቸው። ይህ ሁሉ ጌሙ ውስጥ የለም። ጉልላትም በየመሃሉ አፉን ይከፍትና ይዘጋል፤ እንዳጋጣሚ ይገጥማል። እትዬ ወለተሃና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አቶ ኢዶሳ ሳይቀሩ፣ የላሞቹን ቁጥር ተናግሯል ወይ ብለው ጠየቁ።

አቶ ሸዋንግዛው ወደ አቶ ኢዶሳ ዞሩ።

«ቀጠሮ ይሰጠው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለውም። ወይ ይገድሉታል ወይ ይምሩታል።»

«ምስክር ሳይሰማ? ልጅቷ ሳትጠየቅ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ቤት ነው?»

«ድልድይ ነው፣ ጋሼ።»

ሰዉ መሳቁን እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ጌዲዮን ዞሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለእኔ የሚገድለውን የሰጠኸኝ ለምንድን ነው?»

ጌዲዮን ልጅ እያለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጃንጥላቸው ሥር ቆሞ ራፖር ሲጽፉ ያይ እንደነበረ ነገራቸው። «ሁሉም ላይ መጨረሻ ላይ 'አስተማሪ ቅጣት ይቀጣልኝ' ብለው ነበር የሚጽፉት።»

«እሱ የባለጉዳዩ ነው እንጂ የእኔ ነው?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «እኔን አንተ ምን ትፈልጋለህ ብሎ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

ጌዲዮን ይቅርታ አላለም፤ ለቅሶው ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አልተንበረከከም። «ምን ይፈልጋሉ፣ ጋሼ?» ብሎ ነው የጠየቃቸው። እሳቸውም አጥፋው አሉት። ጌዲዮን አጠፋው። ባሻ ሰይፉን እንዳነሳ ጠፋ፤ ጉልላትም አልሞተም፣ አልተማረም። አቶ ሸዋንግዛው ይሄኛው መጨረሻ ይሻለኛል አሉና ወንበራቸውን ወደ ጌዲዮን አቅርበው ተቀመጡ። ክሱን አነሱ።

የቀሩት አቶ ኢዶሳ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ፊልሙ አስለቀሳቸው እንጂ ድንኳኑን አላስረሳቸውም። ብዙ ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ ክፍሏ ለሁለት ትሁን ተባለ፤ ከፊት ለፊት ጌዲዮን፣ ከኋላ የእድሩ ዕቃ። ከዚያ በኋላ ፊልሞቹ ሲጀምሩ ከጌም የተወሰዱ መሆናቸውን እንዲናገር፣ ሁለት መጨረሻ ያለው ከሆነም ገዢውን እንዲጠይቅ፣ እድሩ ደግሞ በፈለገው ሰዓት ዕቃውን እንዲያወጣ ተጨማሪ ቁልፍ አስቀርጾ ለአቶ ኢዶሳ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጌዲዮን በሁሉም ተስማማ። ክፍሏ ቀረችለት።

ድንኳኑ ሲገባ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ክፍሏ ባዶ ግድግዳ ስለነበረች ድምፁ ያስተጋባ ነበር፤ ያ ሁሉ የተጣጠፈ ሸራ ኋላው ሲከመር ማስተጋባቱ ጠፋ። የጌዲዮን ትረካ የሬዲዮ ሰው ትረካ መሰለ። አቶ ኢዶሳ ለዚህ ሁሉ እድሩ ሊመሰገን ይገባል ይሉ ነበር፤ እሱም በአንዱ ፊልም መጀመሪያ ላይ እድሩን በስሙ አመሰገነ። ገዢውንም እንደታዘዘው ይጠይቅ ነበር። ምሕረት ነው ፍርድ ሲላቸው አብዛኛው ሰው ምሕረት ይላል፤ ከዚያ አንዳንዱ ዞር ብሎ ተመልሶ ፍርዱንም ጫንልኝ ይላል። ከፍርድ ቤቱ የሚመጡ አንድ ጠበቃ ሁለቱንም ወስደው ለየብቻው አይተው ሁለቱንም ተቃወሙ። ማሂ ቁጥር ሠርታ ደክማ ስትመጣ ሰውየው ቶሎ ቤቱ የሚገባበት መጨረሻ የለህም ወይ ትለው ነበር። አቶ ሸዋንግዛውም ቀስ በቀስ ክፍሏ ውስጥ ቋሚ ሆኑ። የተከሰሰ ሰው ባለበት ታሪክ ሁሉ የመከላከያ ንግግሩን የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ፤ በቃል ይነግሩታል፣ እሱ ይተርካል። ሌባው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ሆነ።

ያልፈጸመው ቁልፉን ብቻ ነበር። ከስንፍና አይደለም፤ ቁልፍ ቀራጮቹ ያሉበት ሜክሲኮ በሄደ ቁጥር ሌላ ነገር ይገጥመዋል፣ ወይ ቁልፉን ክፍሏ ላይ ሰክቶ ረስቶት ይሄዳል። ለቅሶ በተነሳ ቁጥር የእድሩ ሰዎች ደውለው ይጠሩታል፤ እሱም ካለበት እየሮጠ ይመጣል። አቶ ኢዶሳ ባገኙት ቁጥር ይወቅሱታል፣ እሱም ነገ ይላቸዋል።

ሐሙስ ጥቅምት 14 ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊያወጡ ሲመጡ ማንንም መጥራት አላስፈለጋቸውም። ራሳቸው ከፍተው ገቡ፣ ራሳቸው አወጡ። ጌዲዮን በዚያ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ነው ያረፈው፤ ሐኪሙ ልቡ ነው አለን። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መርከበኛዋን ሴት እየተረከ ሳለ አቶ ኢዶሳ በሩን አንኳኩ። የቁልፉ ነገር ዛሬ ካልሆነ ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርበዋለሁ አሉት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። ጌዲዮን እየሳቀ ማይክሮፎኑን አጠፋ። ክፍሏን በሩ ላይ ለተቀመጡት ለአቶ ሸዋንግዛው አደራ ብሎ ቁልፉን ነቀለና ሜክሲኮ የሚል ታክሲ ተሳፈረ። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ካሉት ቁልፍ ቀራጮች አንዱ ጋ አስቀረጸ። መሽቶ ሲመለስ አቶ ኢዶሳ ደረጃው ላይ እየጠበቁት ነበር። አዲሱን ሰጣቸው፤ ሞከሩት፣ አልዞረም። እርሳስ ለማንሳት ወደ ክፍሏ ገባ። የእርሳሱ ዱቄት እንዲያለሰልሳቸው የቁልፉን ጥርሶች አሻሽቶ መለሰላቸው። በሁለተኛው ሙከራ ዞረ።